እግዚአብሔር ፈቅዷል፤ ያልፈቀድነው እኛ ነን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤታችን ከምንናገራቸው ቃላት መካከል «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ከሁሉ የከበረ ነው፤ ያለ ቦታው በመዋልም የሚተካከለው የለም። አባወራው ካኮረፈው ወንድሙ ጋር መቼ እንደሚታረቅ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ይላል። እማወራዋ መቼ ንስሐ እንደምትገባ ስትጠየቅ «እርሱ በፈቀደ ጊዜ» ትላለች። ከተማ የገባው ልጅም ገጠር የቀረችውን እናቱን መቼ ሄዶ እንደሚያያት ሲጠየቅ ያንኑ ይደግማል። ጠያቂውም «አሜን» ብሎ ዝም ይላል። በአምላክ ስም የተዘጋን በር ማን ደፍሮ ያንኳኳል?

ይህ ጽሑፍ ያንን በር ለማንኳኳት የተጻፈ ነው። ክርክሩ አጭር ነው። ዕርቅን፣ ንስሐን፣ ወላጅን ማክበርን፣ ልጅን ማስተማርን፣ የሠራተኛን ደመወዝ በጊዜው መክፈልን እግዚአብሔር አስቀድሞ ፈቅዷል፤ ከመፍቀድም አልፎ አዝዟል። እንግዲህ በእነዚህ ጉዳዮች «ሲፈቅድ» ባልን ቁጥር የእኛን እንቢታ የእርሱ አስመስለን በእርሱ ማኅተም እያተምነው ነው። እርሱ ፈቅዶ የጨረሰውን ነገር ገና እንዳልፈቀደ አድርገን ስናወራ በስሙ ላይ ሐሰት እንናገራለን።

ልጓሙን ትራስ አደረግነው

ቃሉ ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ ዛሬ ወይም ነገ ወደ አንዲት ከተማ ሄደው፣ ዓመት ተቀምጠው፣ ነግደው ለማትረፍ የሚዝቱ ሰዎችን ይገሥጻል። ሕይወታቸው ጥቂት ታይቶ እንደሚጠፋ እንፋሎት መሆኑን አሳስቦ፣ ጌታ ቢፈቅድና በሕይወት ብንኖር እያሉ እንዲናገሩ ያዝዛቸዋል (ያዕ. 4፥13-15)። ልብ እንበል፤ ቃሉ የተሰጠው ነገን እንደ ገዛ ርስቱ ለሚቈጥር ሰው ልጓም እንዲሆን ነው። ነገ የአንተ አይደለም ለማለት ነው።

እኛ ግን ልጓሙን ትራስ አደረግነው። ነገ የእኛ አለመሆኑን የሚያስታውሰውን ቃል ሥራችንን ሁሉ ወደ ነገ ማሸጋገሪያ አደረግነው። ሐዋርያው ይህን የሚያደርግ እንደሚመጣ ያወቀ ይመስላል፤ ምዕራፉን የዘጋው በጎ ማድረግን አውቆ ለማይሠራው ኃጢአት እንደሚሆንበት በመናገር ነውና (ያዕ. 4፥17)። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውን ቃል ከዚህ ማሳረጊያ ነጥሎ የሚወስድ ሰው የሐዋርያውን ትምህርት ግማሹን ብቻ ወስዷል፤ የወሰደውም የሚመቸውን ግማሽ ነው።

ስለዚህ ቃሉን በቦታው እናውለው። ዝናቡ፣ ጤናው፣ መንገዱ፣ የፈተናው ውጤት፣ የልጅ በረከት በእጃችን አይደሉምና በእነዚህ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ማለት እምነት ነው። በእጃችን ባለውና በታዘዝነው ነገር ግን ያንኑ ቃል መናገር በአምላክ ስም ማመካኘት ነው።

ከጓጕንቸር ጋር አንድ ሌሊት

በመጽሐፍ ቅዱስ «ነገ» ያለውን የመጀመሪያውን ታላቅ ቀጣሪ ብንፈልግ ፈርዖንን እናገኘዋለን። ጓጕንቸር ምድሩን ሞልቶት ነበር፤ ወደ እልፍኙ፣ ወደ አልጋው፣ ወደ ምድጃውና ወደ ቡሖ ዕቃው ገብቶ ነበር። ሙሴም መቼ እንዲጸልይለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ፈርዖን «አሁን» ይላል ብሎ የማይጠብቅ ማን ነው? እርሱ ግን ለነገ አለ (ዘጸ. 8)። ነጻነት በደጁ ቆሞ ሳለ ከጓጕንቸሩ ጋር አንድ ሌሊት መጨመርን መረጠ።

በዚህ ንጉሥ ለመሣቅ አንቸኩል። ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተኳርፎ ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ ሰው በየሌሊቱ ከምን ጋር እየተኛ ነው? አንዲት ቃል የሚፈታውን ነገር «ነገ እነግራታለሁ» እያለ የሚያድር ባል፣ «እርሱ ቀድሞ ይናገር» እያለች የምታድር ሚስት፣ ሁለቱም የፈርዖንን መልስ እየመለሱ ነው።

ሁለተኛው ቀጣሪ ገዢው ፊልክስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅና ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣውም ፍርድ ሲነግረው ፈራ። ፍርሃቱ ግን ወደ ንስሐ አልወሰደውም፤ ሲመቸው እንደሚያስጠራው ነግሮ ሐዋርያውን አሰናበተው። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ አስጠርቶ አነጋግሮታል፤ የሚጠብቀው ግን ንስሐን ሳይሆን ጉቦን ነበር። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ፊልክስ ሹመቱን ለሌላ አስረክቦ ሲሄድ ጳውሎስን እንደ ታሰረ ተወው (ሐዋ. 24፥25-27)። የሚመቸው ጊዜ አልመጣም። ሌላው ቀርቶ ቃሉን መስማትና መወያየት እንኳ ለማዘግየት መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል ከፊልክስ እንማራለን። ስብከት በየሳምንቱ የምንሰማ፣ መንፈሳዊ ትምህርት በስልካችን የምናጠራቅም ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባል።

እርሻ፣ በሬና ሚስት

ማዘግየት ሁልጊዜ በኃጢአት መልክ አይመጣም። ጌታችን ስለ ታላቁ እራት በተናገረው ምሳሌ የተጠሩት ሦስት ሰዎች ያቀረቡትን ምክንያት እንመልከት። አንዱ እርሻ ገዝቷል፤ ሁለተኛው አምስት ጥማድ በሬ ገዝቷል፤ ሦስተኛው ሚስት አግብቷል (ሉቃ. 14፥16-20)። ከሦስቱ አንዱም አልሰረቀም፤ አንዱም አልሰከረም። ሦስቱም ምክንያቶች የቤተሰብ ጉዳዮች ናቸው። እንዲያውም ሦስቱ በአንድ ላይ የአንድ ጥሩ አባወራ ሙሉ ኑሮ ይሆናሉ።

ሰይጣን ኦርቶዶክሳዊውን ቤተሰብ «እግዚአብሔርን ተው» ብሎ ቢፈትነው አይሳካለትም። «መጀመሪያ ቤቱ ይለቅ፤ መጀመሪያ ልጆቹ ይደጉ፤ መጀመሪያ ይህ ዕቁብ ይውጣ» ሲለው ግን ምክር የሰጠው ይመስላል። ቤቱ ካለቀ በኋላ አጥሩ አለ፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ሠርጋቸው አለ። «መጀመሪያ» የተባለው ነገር ሁሉ ታናሽ ወንድም አለው።

ያደረ ጠብ

አሁን ወደየቤታችን እንግባ፤ ከጠብም እንጀምር። የቋንቋችን ባለቤቶች የሆኑት አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለግንድ አልነበረም። ጠብ ሲያድር ቂም ይሆናል፤ ቂም ሲከርም ደግሞ ርስት ሆኖ ለልጅ ይተላለፋል። ዛሬ የማይነጋገሩ የአጎት ልጆች ብዙውን ጊዜ የጠቡን ምክንያት በትክክል አያውቁትም፤ የወረሱት ኩርፊያውን እንጂ ነገሩን አይደለም።

ሐዋርያው በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይጠልቅ አዝዟል (ኤፌ. 4፥26)። የሰጠን ጊዜ እስከ ማታ ድረስ ነው። እኛ ግን «ለፋሲካ እንታረቃለን» እንላለን፤ ፋሲካ ሲደርስ «ለዘመን መለወጫ» እንላለን። ጌታችንም መባ ይዞ ከመሠዊያው የደረሰ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ቢለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አስተምሯል (ማቴ. 5፥23-24)። ለአምልኮ እንኳ ያልተፈቀደው መቅደም ለኩርፊያችን እንዴት ተፈቀደ?

በቅዳሴ ጊዜ እኛ ዲያቆናት ምእመናን ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር እንዲጸልዩ፣ እርስ በርሳቸውም ሰላምታ እንዲሰጣጡ እናውጃለን። ሕዝቡ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። በአጠገቡ የቆመው ብዙውን ጊዜ የማያውቀው ሰው ነው፤ ያኮረፈው ወንድሙ ከምሰሶው ማዶ ቆሟል፣ ወይም እርሱን ላለማግኘት ሌላ ደብር ሄዷል። ከማያውቁት ጋር ሰላም መባባል ቀላል ነው። ዐዋጁ ግን ከምሰሶው ማዶ ላለውም ነው።

ተዝካሩ በቀኑ፣ ጥየቃው በነገው

ስለ ወላጆች የምጽፈው ይከብደኛል፤ ሆኖም ዝም ማለት ይብሳል። ማኅበረሰባችን የሙታንን ቀን በማክበር የሚደነቅ ነው። የእናት አርባ ሲደርስ አንድ ቀን አያልፍም። ድንኳን ይተከላል፤ ካህናት ይጠራሉ፤ ከሩቅ አገር ያለው ሁሉ ይመጣል፤ ገንዘብ የሌለው ተበድሮም ቢሆን ያወጣል። ይህ መልካም ነው፤ ለሙታን የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐትና ምጽዋት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነውና ማንም እንዲያቃልለው አልጽፍም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለተዝካሩ የተገኘው ፈቃድ ከመሥሪያ ቤት በሕይወቷ ሳለች ለምን አልተጠየቀም? ለድንኳኑ የተገኘው ብድር ዐይኗን ለማሳከም ለምን አልተገኘም? «በሚቀጥለው ዓመት ወስጄ አሳያታለሁ» የተባለላት እናት በሚቀጥለው ዓመት አርባዋ ወጣላት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ስፍራ የለም። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥12) የተሰጠው በሕይወት ላሉት ወላጆች ነው።

እርግጥ ነው፣ መንገድ የተዘጋበት አለ፤ የመሳፈሪያ ያጣ አለ፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ለመውጣት የማይፈቀድላት እኅት አለች። ይህ መከልከል እንጂ ማዘግየት አይደለም፤ እግዚአብሔር ይፍታው። ነገር ግን በእጁ ስልክ ይዞ፣ በሰፈሩ ወሬ አንድ ሰዓት አሳልፎ፣ ለእናቱ አምስት ደቂቃ ያጣ ሰው መንገድ ተዘግቶብኛል ሊል አይችልም። በዩኒቨርሲቲ የምንማር ወጣቶችም ከዚህ ክስ አናመልጥም። ወደ ቤት የምንደውለው ገንዘብ ሲያልቅብን ብቻ ከሆነ፣ ወላጆቻችን ድምፃችንን ሲሰሙ ከደስታቸው አስቀድሞ የሚመጣባቸው «ስንት ቸገረው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነው።

ልጅነት ቀጠሮ አይቀበልም

ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን እንድትጠመቅ ሥርዓት ሠርታለች። ወላጆችም ይህን ቀን ቈጥረው ይጠብቃሉ፤ ስለ ልጁ ነፍስ ቀጠሮ የማያዛንፍ ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ከክርስትናው ማግሥት ጀምሮ ያለው ዝምታ ነው። «ገና ሕፃን ነው» ይባላል፤ ቀጥሎ «ትምህርት ይበዛበታል» ይባላል፤ በመጨረሻ «አሁንስ አይሰማንም» ይባላል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው አባባል መካከል ልጁን ማስተማር የሚቻልበት ጊዜ ሁሉ አለፈ።

እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ቃሉን ለልጆች ማስተማር የሚገባበትን ሰዓት ሲናገር በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ብሏል (ዘዳ. 6፥7)። ይህ የልዩ ዝግጅት ሰዓት አይደለም፤ በየቀኑ በየቤቱ ያለ ሰዓት ነው። ራት ሲቀርብ አብሮ አቡነ ዘበሰማያት ማለት፣ ሲተኙ በልጁ ግንባር ላይ ማማተብ፣ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደሚጾም በሁለት ዐረፍተ ነገር መንገር ጊዜ አይጠይቅም። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች በሳምንት ሁለት ሰዓት እናገኛቸዋለን፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የወላጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የወላጅ ረዳት እንጂ የወላጅ ምትክ አይደለም።

ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ጨርሶ ያልገሠጸ አልነበረም። ገሥጿቸዋል፤ ግን እጅግ ካረጀ፣ ክፋታቸውም በእስራኤል ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነበር (1ሳሙ. 2፥22-25)። ቃሉ እውነት ነበር፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ አልሰሙትም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ በልጅ አንደበት ይህን ስናገር ይቅርታችሁን እየለመንሁ ነው፤ ልጆቻችሁ እናንተን የሚሰሙበት ዕድሜ አጭር ነው፤ አትዝለሉት።

የሠራተኛዋ ደመወዝና የአባት ኑዛዜ

ማዘግየት በገንዘብም ይታያል። በብዙ ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ ልጅ የምትይዝ፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ የምትተኛ እኅት አለች። ደመወዟ ወር ሲሞላ «ነገ» ይባላል፤ «እዚሁ አይደለሽ፣ የት ትሄጂያለሽ?» ይባላል። የእግዚአብሔር ሕግ ግን የድሃውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንድንሰጠው ያዝዛል፤ ድሃ ነውና፣ ነፍሱም በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለችና (ዘዳ. 24፥15)። ጠቢቡም በእጃችን እያለ ባልንጀራችንን ነገ ተመለስ እንዳንለው አስጠንቅቋል (ምሳ. 3፥28)። ለቤተ ክርስቲያን ስእለት አስገብቶ የሠራተኛዋን ደመወዝ ያሳደረ ቤት ስእለቱን ከማን ኪስ እንዳስገባ ይጠይቅ።

ኑዛዜንም እንዲሁ እናዘገያለን፤ ስለ ሞት ማውራት ሞትን መጥራት ይመስለናልና። ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ ታመመው ንጉሥ ወደ ሕዝቅያስ በተላከ ጊዜ የተናገረው ቤቱን እንዲያሰናዳ ነው (ኢሳ. 38፥1)። አባት ቤቱን ሳያሰናዳ ሲያርፍ ልጆች በአርባው ማግሥት በፍርድ ቤት ይገናኛሉ፤ በአንድ ጡት ያደጉ በአንድ መዝገብ ይካሰሳሉ። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ኑዛዜውን በራሱ እጅ ጽፎ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት አስነብቦ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል፤ የቃል ኑዛዜን ግን በጥቂት ጉዳዮች ብቻ ወስኖታል። «ልጆቼ ይዋደዳሉ፤ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚል አባት ልጆቹን የሚያመሰግን ይመስለዋል፤ በእውነት ግን ያለ ስንቅ ወደ ፈተና እየላካቸው ነው። በንስሐ አባት ምክር፣ በቤተሰብ ፊት፣ በጤና ሳሉ የሚደረግ ኑዛዜ ከአባት ለልጆች የሚተርፍ የሰላም ስጦታ ነው።

ባዶው መካከል

ከሁሉ የከፋውን ማዘግየት ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚቀርቡትን ተመልከቱ። በእናቶቻቸው እቅፍ ያሉ ሕፃናት አሉ፤ በምርኩዝ የተደገፉ አረጋውያን አሉ። እርግጥ በመካከል የሚቀርቡ ወጣቶችና ባለትዳሮች አሉ፤ እግዚአብሔር ያብዛልን። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑን ከሞላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል ናቸው? በእናታችን ጀርባ ሆነን የመጣንበትን መንገድ በምርኩዝ እስክንመለስበት ድረስ ለምን ተውነው?

መልሱ የታወቀ ነው፤ «ስናረጅ እንቆርባለን» ይባላል። ጌታችን ሥጋውን ያልበላ ደሙንም ያልጠጣ በራሱ ሕይወት እንደሌለው ሲናገር (ዮሐ. 6፥53) የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። እርጅና የጉልበት መድከም እንጂ የልብ መንጻት አይደለም። ኃጢአት ከተወን በኋላ ኃጢአትን ተውን ማለት ለእግዚአብሔር ትራፊ ማቅረብ ነው። ደግሞስ እናረጃለን ያለን ማን ነው?

«እኔ የምዘገየው ከፍርሃት ነው፤ ምሥጢሩ እሳት ነው፤ ብቁ አይደለሁም» የሚል አለ። ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ ሳይገባው የሚቀበል ፍርዱን እንደሚቀበል ሐዋርያው አስጠንቅቋልና (1ቆሮ. 11፥27-29)። እኔም ነገ ጠዋት ያለ ንስሐ ቅረቡ አላልሁም። እውነተኛ ፍርሃት ግን ምልክት አለው፤ ሰውን ወደ ንስሐ አባቱ ያስሮጠዋል። በፍርሃት ስም ሃያ ዓመት ከንስሐ አባቱ የሚሸሽ ሰው ግን የፈራው ኃጢአቱን መናገርን እንጂ ምሥጢሩን አይደለም።

ሌላው ደግሞ «በሕግ ተጋብተናል፤ ተክሊሉ አልፎናል፤ ለድግሱም አቅም የለንም» ይላል። ድግስን የጠየቀን ባህላችን እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። በሕግ ተጋብተው ለሚኖሩ ባለትዳሮችም ንስሐ ገብተው በቅዱስ ቁርባን የሚጸኑበት መንገድ አላቸው፤ ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለቱ፣ የንስሐ አባታቸውና የተሰበረ ልብ ናቸው። አዳራሽ አያስፈልግም።

መጠበቅና ማዘግየት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ የሚመልስልኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። መዘግየት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በቤተሰብ ሕይወት ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መዘግየትም አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ ሰው ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ፣ ለቁጣም የዘገየ እንዲሆን ያስተምራል (ያዕ. 1፥19)። በልጅ ላይ የተነሣን እጅ ማዘግየት መልካም ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የመጣን ክፉ ቃል ማሳደር መልካም ነው። የፍቺን ሐሳብ፣ የእርግማንን ቃል፣ በሰው ላይ የሚሰጥን ፍርድ ዛሬ ነገ እያሉ መግፋት ጥበብ ነው።

የእኛ በሽታ ሥርዓቱን መገልበጣችን ነው። ስድቡን በዚያው ደቂቃ እንናገራለን፤ ይቅርታውን እናሳድራለን። በልጃችን ላይ ፈጥነን እንቆጣለን፤ እርሱን መስማቱን ለእሑድ እንቀጥራለን። ሐሜቱን ሰምተን ሳንውል እናደርሳለን፤ የሐዘን ጥየቃውን ለወር እናቆያለን። ልናዘገየው የሚገባንን ፈጠንንበት፤ ልንፈጥንበት የሚገባንን አዘገየነው።

ታዲያ ትዕግሥትንና ቸልታን በምን እንለያለን? ቤተ ክርስቲያን ራሷ መለያውን ሰጥታናለች። ጾም ቀን አለው፤ የንስሐ ቀኖና ቁጥር አለው፤ የጸሎት ሰዓታት በቀን ሰባት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን መጠበቅ ሁሉ መነሻና መድረሻ አለው፤ የሚጠይቅህም አባት አለው። ቸልታ ግን ቀን የለውም፤ ቁጥር የለውም፤ ጠያቂም የለውም። ንስሐ አባትህ «አርባ ቀን ስገድ፣ ጹም፣ ከዚያ ና» ካለህ እየጠበቅህ ነው። አንተ ለራስህ «አንድ ቀን» ካልህ ግን እያዘገየህ ነው። «አንድ ቀን» የሚባል ቀን በባሕረ ሐሳብ የለም።

በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ የነበረው መፃጉዕ 38 ዓመት ጠበቀ፤ ሰው አልነበረውምና። ጌታችን ተነሥ ባለው ጊዜ ግን ሰንበት እስኪያልፍ እንኳ አልቆየም፤ ወዲያው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ (ዮሐ. 5፥5-9)። ዘኬዎስም ፈጥነህ ውረድ በተባለ ጊዜ ፈጥኖ ወረደ፤ ሀብቱን ለድሆች የሚያካፍልበትንና የበደለውን አራት እጥፍ የሚመልስበትን ቃል እዚያው ተናገረ። ጌታም መዳን ለዚያ ቤት የሆነው ዛሬ መሆኑን መሰከረ (ሉቃ. 19፥5-9)። አንድ ሰው ስላልዘገየ ቤቱ ሁሉ ተባረከ። አባወራም እማወራም የሚያዘገዩት የራሳቸውን ድኅነት ብቻ አይደለም፤ ቤታቸውንም ከዚህ በረከት ያስቀራሉ።

ዛሬ ማታ

እንግዲህ «ከሰኞ ጀምሮ» ብላችሁ ይህን ጽሑፍም ለሌላ ቀን እንዳታሳድሩት እለምናችኋለሁ። ሁሉን በአንድ ሌሊት ፈጽሙ አልልም፤ አንዱን ዛሬ ጀምሩ። ለእናት መደወል ዛሬ ይቻላል። ለንስሐ አባት «መቼ ልምጣ?» ብሎ መጠየቅና ቀኑን መቁረጥ ዛሬ ይቻላል። የሠራተኛዋን ደመወዝ መስጠት ዛሬ ይቻላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ላኮረፈ የትዳር ጓደኛ «ይቅር በለኝ፤ ይቅር በይኝ» ማለት ፀሐይ ከመጥለቁ በፊት ይቻላል፤ ጠልቆም ከሆነ ከመተኛት በፊት ይቻላል። ወንድም ሩቅ ከሆነ ሽማግሌ መላክ ዛሬ ይቻላል።

ከእንግዲህ ልጅ፣ ወላጅ ወይም ጓደኛ «መቼ?» ብሎ ሲጠይቀን መልሳችንን እንመርምር። ነገሩ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ በሙሉ እምነት «እርሱ ሲፈቅድ» እንበል። በእኛ እጅ ከሆነ ግን ስሙን በከንቱ አናንሣ፤ ቀኑን እንናገር። እርሱ ከፈቀደ ቈይቷል፤ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳውም እርሱ ነው (ራእ. 3፥20)። የመክፈቻው እጀታ ያለው ከውስጥ፣ በእኛ በኩል ነው።

የዘገየውን ዕድሜያችንን ለንስሐ፣ የቀረውን ለፍሬ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣
ወለወላዲቱ ድንግል፣
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።